«መናኛ» የሚለውን ቃል በቦታው ማዋል፦ ከጭቃ ቤት እስከ ጤፍ ጆንያ

ከዓመታት በፊት የአንዲት እናትን ኑሮ የሚተርክ አጭር ጽሑፍ ጽፌ ነበር። የሚኖሩባትን የጭቃ ቤት «መናኛ ጎጆ» አልኳት። ጽሑፉ ታትሞ ልጃቸው አነበበላቸው። በሳምንቱ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ወደ ውስጥ ከመዝለቄ በፊት በሩ ላይ አቆሙኝና «ልጄ፣ ቤቴ የጭቃ ነው፤ መናኛ ግን አይደለም» አሉኝ። ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ጭቃው ከጭድ ጋር ቦክቶ ሰንብቶ የተመረገ ነው፤ አንድም ስንጥቅ አይታይበትም። ወለሉ በእበት ተለቅልቆ ተለቅልቆ እንደ ቆዳ ለስልሷል። «መናኛ ቤት ከፈለግህ ያንን ማዶ ያለውን እይ። እርጥብ እንጨት አቁመው፣ ምርጉ ሳይደርቅ ቀለም ቀቡት። ዘንድሮ ክረምት ጎኑ ተዘረገፈ» አሉኝ።

ጽሑፍ ማረም የዕለት ሥራዬ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «መናኛ» የሚል ቃል ካጋጠመኝ ሳልቆም አላልፍም። ቃሉን ጠልቼው አይደለም፤ እጅግ እወደዋለሁ። አጭር ነው፣ ትክክለኛ ነው፣ በቦታው ሲውል ሌላ ቃል አይተካውም። ነገር ግን ያላማረንን ሁሉ፣ የረከሰውን ሁሉ፣ ያረጀውን ሁሉ፣ የድሃውን ሁሉ በእሱ መጥራት ስለለመድን ስለቱ እየዶለዶመ ነው። የሚከተሉት እርምጃዎች ለሚጽፍ፣ ለሚያርም፣ ለሚተረጉም፣ ገበያ ወጥቶ ለሚደራደርም ሰው ይጠቅማሉ።

አንደኛ፦ ቃሉ የሚለውን በትክክል ያዙ

መናኛ ማለት በዓይነቱ ውስጥ ዝቅ ያለ፣ ከሚጠበቅበት ጥራት የወረደ ማለት ነው። «በዓይነቱ ውስጥ» የምትለዋን አስምሩባት። መናኛ ጨርቅ ከሌላ ጨርቅ ጋር ሲነጻጸር ነው መናኛ የሚባለው። የጭቃ ቤት መናኛ መሆን አለመሆኑ የሚለካው በደህና የጭቃ ቤት እንጂ በቪላ አይደለም። እኒያ እናት ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው፤ የራሳቸውን የጭቃ ቤት ከማዶው የጭቃ ቤት ጋር አስተያዩልኝ።

በግዕዝ «መነነ» ማለት ናቀ፣ አልቀበልም ብሎ ተወ ማለት ነው። ዳዊት የደገመ ሰው 117ኛው መዝሙር ውስጥ ያለውን «እብን ዘመነንዋ ነደቅት» የሚለውን ያውቀዋል፤ ግንበኞች የናቁት ድንጋይ ማለት ነው። (በሌላው አቆጣጠር መዝሙሩ 118ኛ ነው።) የግንበኛውን ሥራ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ያስተያያል፣ ያገላብጣል፣ ይህ ለማዕዘን አይሆንም ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል። እኔ መናኛ የሚለውን ቃል የማነበው በዚህ እንቅስቃሴ ነው፤ ተስተያይቶ ወደ ጎን የተደረገ። መናኝ የምንለውም ዓለምን ንቆ ወደ በረሃ የወጣውን ነው። አንዱ የናቀ፣ ሌላው የተናቀ ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ምርጫ አለ።

ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ምሳሌ የምትፈልጉ ቃና ዘገሊላን አስታውሱ፤ ጥር 12 ቀን የምናከብረውን። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቁጥር 10 ላይ የድግሱ አሳዳሪ ሙሽራውን ጠርቶ፣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ መልካሙን የወይን ጠጅ ያቀርባል፣ እንግዶቹ ከሰከሩ በኋላ ደግሞ «መናኛውን» ይላል። ሁለቱም የወይን ጠጅ ናቸው። ሁለቱም ለአንድ ሰርግ የቀረቡ ናቸው። መናኛው የሚጠጣ ነው፤ የተበላሸ ወይም የሐሰት አይደለም። አሳዳሪው ቀምሶ ያወቀው ልዩነት የጥራት ብቻ ነው። የተረጎሙት ሰዎች ቃሉን እንዴት አድርገው እንደመረጡት እደነቃለሁ። እዚያ ቦታ «መጥፎውን» ቢሉ ኖሮ ደጋሹን ሁሉ ክፉ ያደርጉት ነበር፤ «ርካሹን» ቢሉ ደግሞ ነገሩ ወደ ዋጋ ይዞር ነበር።

ሁለተኛ፦ የሚሻለውን አቻ ፈልጉለት

አንድን ነገር መናኛ ከማለታችሁ በፊት «ከምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የዚያው ነገር ዓይነት የሆነ ሌላ ነገር መሆን አለበት። መልስ ካጣችሁ ቃሉን አትጠቀሙበት።

የጤፍ ሱቅ ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው። ነጋዴው የጆንያውን አፍ ፈትቶ ጭብጥ ሙሉ ያወጣል። ገዢዋ በመዳፏ ተቀብላ ታሻሸዋለች፣ እፍ ትለዋለች፣ ወደ ብርሃን ዞር ታደርገዋለች። ከፊቷ ማኛ አለ፣ ነጭ አለ፣ ሰርገኛ አለ፣ ቀይ አለ። ማኛ ከሁሉ የነጣውና በዋጋም የሚበልጠው ነው። ሰርገኛ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ነው። አሁን ከእነዚህ ውስጥ መናኛው የቱ ነው?

«ቀዩ» ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው፤ ስህተት ነው። ቀይ ጤፍ የራሱ ዓይነት ነው፤ ለጣዕሙና ለጤናው ሲሉ ከነጩ አብልጠው የሚገዙት አሉ። ሰርገኛም እንዲሁ። መናኛ ጤፍ በየዓይነቱ ውስጥ ይገኛል፤ ፍሬው የጫጨ፣ አውድማ ላይ ሳለ ዝናብ የመታው፣ ገለባና አፈር የበዛበት፣ ተቦክቶ ሲጋገር እንጀራው ዓይን አላወጣ የሚል። ስለዚህ መናኛ ነጭ ጤፍ አለ፣ ዓይነተኛ ቀይ ጤፍም አለ። እፍ ስትለው ከመዳፏ የተነሳው ብናኝ ነው ለሴትየዋ የሚነግራት እንጂ ቀለሙ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማኛና መናኛ በአጻጻፍ እጅግ ይቀራረባሉ፤ በትርጉም ግን ጫፍና ጫፍ ናቸው። አንዱ የጤፍ ቁንጮ ነው፣ ሌላው ዝቃጭ። ስለ እህል ገበያ በሚጻፍ ዜና ውስጥ «መናኛ ጤፍ በኩንታል ይህን ያህል ገባ» ተብሎ ማኛውን ለማለት የተጻፈ አርሜ አውቃለሁ። የጣት ስህተት ነው፤ አንባቢው ግን መናኛው ይህን ያህል ካወጣ ደህናው ስንት ሊገባ ነው ብሎ ይደነግጣል።

ቡና ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ትማራላችሁ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በደረጃ ቁጥር ነው የሚለየው። ባለሙያ ፍሬውን ቆጥሮ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነፍሳት የቦረቦረውን ይለያል፤ ከዚያም ቆልቶ፣ አፍልቶ፣ ቀምሶ ቁጥር ይሰጠዋል። የተቆረጠ ደረጃ ባለበት ቦታ መናኛ የሚለው ቃል ቢቀር ይሻላል፤ ቁጥሩን ጻፉ። የደረጃ ቁጥር ይግባኝ ይጠየቅበታል፣ ቅጽል ግን አይጠየቅበትም።

ሦስተኛ፦ ዋጋን፣ ዕድሜንና ሐሰትን ከጥራት ለዩ

ይህ እርምጃ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሂዱበት።

ርካሽ የዋጋ ቃል ነው። ርካሽ ሆኖ ደህና የሆነ ዕቃ ሞልቷል፤ ውድ ሆኖ መናኛ የሆነም እንዲሁ። «መናኛ ዕቃ በውድ ዋጋ ሸጠልኝ» የሚል አቤቱታ ትርጉም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። «በመናኛ ዋጋ» የሚለው አነጋገር ግን የተለየ ነው፤ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቤቱን በመናኛ ዋጋ ሸጠው» ስንል መናኛ የተባለው ዋጋው ነው፤ ቤቱ ምርጥ ሊሆን ይችላል፣ እንዲያውም የአነጋገሩ ቁጭት ያለው እዚያ ላይ ነው። ዋጋው የተለካው ቤቱ ሊያወጣ ይገባው ከነበረው ጋር ነው። «ከምን?» የሚለው ጥያቄ እዚህም ይሠራል።

ያረጀ ወይም የተለበሰ ነገር መናኛ ነው ማለት አይደለም። ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥበት ቦታ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ ሌላ አገር ሰው የለበሰው ካፖርት ስፌቱ አንድ ክር ሳይለቅ ይገኛል፤ ከጎኑ ባለው ሱቅ ያለው አዲስ ካፖርት ደግሞ ቁልፉ ቤት ሳይደርስ ይወልቃል። ልባሹን መናኛ፣ አዲሱን ደህና ማለት ዓይንን መጨፈን ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩትን ሰዎችም አስቡ። ከአሮጌ በርሜል ምጣድ ክዳን፣ ከመኪና ጎማ ጫማ ያወጣሉ። ቁሱ የተጣለ ነው፤ ሥራው ግን መናኛ ላይሆን ይችላል፤ የጎማ ጫማ ስንቱን ገበሬ ስንት ዳገት አውጥቶታል። ስለዚህ የተናቀውን ቁስና የተሠራውን ሥራ ለየብቻ መዝኑ።

የሐሰት ነገርን መናኛ ማለት ደግሞ በደሉን ማቃለል ነው። ሸክላ ተፈጭቶ የገባበትን በርበሬ «መናኛ በርበሬ» ብላችሁ አትጻፉ። ሙዝ የተለወሰበትን ቅቤ «መናኛ ቅቤ» አትበሉት። መናኛ በርበሬ ምንም ቢሆን በርበሬ ነው፤ ፍሬው የበዛበት፣ ቅላቱ የፈዘዘ፣ ቅመሙ ያነሰ ይሆናል እንጂ። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ግን ማጭበርበር ነው፤ በዚያው ስሙ ይጠራ። ቅቤን ካነሳን፣ በሳል ቅቤም መናኛ አይደለም። ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል የሚባለው የብስለት መጠን ነው፤ በሳሉን ፈልጎ የሚገዛ አለ።

አራተኛ፦ ከጎረቤቶቹ አታምታቱት

አማርኛ ለማያስደንቅ ነገር ብዙ ቃል አለው፤ እያንዳንዱም የራሱ ማሳ አለው።

ተራ ነቀፋ የለበትም። ተራ ወታደር ማዕረግ ነው፤ ተራ ሕዝብ ማለትም ሥልጣን የሌለው ሕዝብ ማለት ነው። ተራ ነገር ከሌላው አይለይም፣ ያ ብቻ ነው። መናኛ ወታደር ካላችሁ ግን ሰውየውን ሰድባችሁታል። ሁለቱን አቀያይሮ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው ብዙ ሰው ያስቀይማል።

ተልካሻ ከመናኛ ይከብዳል። ስለ አሠራርና ስለ ሐሳብ ሲነገር ይስማማዋል፤ ተልካሻ ምክንያት፣ ተልካሻ ሥራ። መናኛ ያልነው ነገር አቅም አንሶት ይሆናል፤ ተልካሻ ያልነው ግን ግድ የለሽነት አለበት። ከባለቤቱ ጋር ክርክር ለመግጠም ካልተዘጋጃችሁ አትምዘዙት።

አልባሌ የጠባይና የቦታ ቃል ሆኗል። «አልባሌ ቦታ ይውላል» እንላለን። አልባሌ ጨርቅ ግን ጆሮ ይቆረቁራል።

ምናምንቴ ለሰው ነው የሚነገረው፤ መጽሐፍ ቅዱስ የካህኑን የዔሊን ልጆች የሚጠራው በዚህ ነው። ከባድ ነው፤ የኃጢአት ሽታ አለው።

«እዚህ ግባ የማይባል» መጠንን ወይም ክብደትን ያሳንሳል። እዚህ ግባ የማይባል ትርፍ፣ እዚህ ግባ የማይባል ጉዳት። ሥዕሉ ደስ ይለኛል፤ እንግዳው ደጅ ቆሟል፣ ግን ማንም «እዚህ ግባ» ብሎ ቦታ አይሰጠውም። ይህን ሐረግ «ይህ ነው የማይባል» ከሚለው ጋር የሚያደበላልቅ ጽሑፍ ግን በየሳምንቱ ይደርሰኛል። «ይህ ነው የማይባል ደስታ» ከቃል በላይ የሆነ ደስታ ነው፤ ታላቅነትን ነው የሚናገረው። ሲገለበጥ ደግሞ «ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም» ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚጠቀስ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። እንግዲህ «ጎርፉ ይህ ነው የማይባል ጉዳት አደረሰ» ብሎ ጥቂት ለማለት የፈለገ ጸሐፊ፣ አገሩ በጎርፍ ጠፋ ብሎ ጽፏል። እዚህ ግባ የማይባል ቢል ይድን ነበር።

«ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚለውንም አትርሱ። አለሁ ብሎ ግን የማይረዳን መሣሪያ፣ ሰው ወይም ዘዴ በአንድ ምት ይገልጸዋል። መናኛ መሣሪያ ጥቂትም ቢሆን ይሠራል፤ ከእጅ አይሻል ዶማ የተባለው ግን ባይኖርም ያው ነው።

በተቃራኒው በኩል ምርጥ፣ ዓይነተኛ፣ ማለፊያ አሉ። እኔ ከሁሉም የማደላው ለማለፊያ ነው። «ማለፊያ ሥራ» የሚል ሙገሳ ከታላላቆቻችን አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። በመሐል ደግሞ ደህናና መካከለኛ አሉ፤ ብዙው ነገር የሚገኘውም እዚያ መሐል ነው። መናኛ ልትሉ ስትሉ «ደህና» ቢባል ውሸት ይሆናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልሆነ ደህና በሉት።

አምስተኛ፦ ሰዋስዉን አስተካክሉ

ቃሉ ከስሙ በፊት ይመጣል፤ መናኛ ጨርቅ። የታወቀ ሲሆን ምልክቱን የሚሸከመው ቅጽሉ ነው፤ መናኛው ጨርቅ፣ «መናኛውን ጨርቅ መለሰችለት»። «መናኛ ጨርቁን መለሰችለት» ካላችሁ የእሱ የራሱ ጨርቅ ወደሚል ንባብ ያዘነብላል።

«የ» የምትገባበትን ቦታ ጠብቁ። «የመናኛ ጨርቅ ቀሚስ» ስንል መናኛው ጨርቁ ነው፤ ስፌቱ ማለፊያ ሊሆን ይችላል። «መናኛ የጨርቅ ቀሚስ» ስንል ግን ቀሚሱ ራሱ ተናቀ። አንዲት ፊደል ጥፋቱን ከሸማኔው አንስታ በልብስ ሰፊው ላይ ትጥላለች።

ሲበዛ መናኛዎች፣ መናኛዎቹ ይባላል። «መናኞች» ካላችሁ ገዳም ገባችሁ፤ መናኞች የመናኝ ብዙ ቁጥር ነው። «ነጋዴው መናኞቹን ለይቶ ጣላቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንም ሰው እንዲጽፍ አልመኝም።

ደጋግሞ መጥራት ደግሞ አማርኛ የሰጠን ጸጋ ነው። «መናኛ መናኛውን ለይታ አወጣች» ስንል እጇ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ ሲመላለስ ይታየናል። ለውጭ ገበያ የሚበቃው ቡና ወደ ውጭ እንደሚሄድና ከደረጃ በታች የሆነው አገር ውስጥ እንደሚሸጥ ለመናገር «ምርጥ ምርጡ ለውጭ፣ መናኛ መናኛው ለእኛ» ከማለት የተሻለ አጭር መንገድ አላውቅም።

ስድስተኛ፦ ፍርዱን ከማስረጃው ጋር አቅርቡ

መናኛ ፍርድ ነው። ፍርድ ያለ ምስክር አይቆምም። ስለዚህ ቃሉን በጻፋችሁበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ካልሆነም በሚቀጥለው ውስጥ፣ አንባቢው በዓይኑ የሚያየው ነገር አስቀምጡ።

መጀመሪያ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦ «ለተማሪዎቹ የተሰጠው ጫማ መናኛ ነበር።» አንባቢው የሚያምነው ጸሐፊውን ካመነ ብቻ ነው። አሁን አሻሽሉት፦ «ለተማሪዎቹ የተሰጠው ጫማ መናኛ ነበር። ሶሉ በመርፌ ሳይሆን በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ ስለነበር የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ አፉን ከፈተ።» ከዚያ ሌላ ሙከራ አድርጉ፤ ቅጽሉን ሰርዙት፦ «ለተማሪዎቹ የተሰጠው ጫማ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ አፉን ከፈተ።» ብዙ ጊዜ ይህ ሦስተኛው ይበልጣል። ቅጽሉ ሲጠፋ የአንባቢው ፍርድ ራሱ ይመጣል። ቅጽሉን የማስቀረው አንባቢው ዕቃውን ስለማያውቀው ልዩነቱን በራሱ ሊፈርድ በማይችልበት ጊዜ ብቻ ነው።

ጉዳዩ አቤቱታ ወይም ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥብቅ ሁኑ። ዕቃ ያቀረበላችሁን ድርጅት «መናኛ ጨርቅ አቀረባችሁልን» ብትሉት «መናኛ አይደለም» ብሎ ይመልስላችኋል፤ ክርክሩም እዚያው ይቆማል። ይልቁንም በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ። በቅድሚያ የተስማማችሁበትን ናሙና ጥቀሱ፤ መቼ እንደታየ፣ ማን እንደፈረመበት። ቀጥሎ የመጣውን ዕቃ ግለጹ፤ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ቀለሙን እንደለቀቀ፣ በናሙናው ላይ ድርብ የነበረው ስፌት ነጠላ እንደሆነ። በመጨረሻ «የቀረበው ጨርቅ ከናሙናው ጥራት በታች ነው» ብላችሁ ዝጉ። ይህ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መናኛ የሚለው ቃል በቢሮ ቋንቋ ሲነገር ነው። ናሙናው እዚህ የቃና ዘገሊላው መልካም የወይን ጠጅ ነው፤ እሱ ከሌለ የሚነጻጸርበት የለም። ስለዚህ ምንጊዜም ናሙናውን ሳትቆርጡ፣ ሳታስፈርሙና ሳታስቀምጡ ዕቃ አትዘዙ።

ሰባተኛ፦ በሰው ፊት ስትናገሩ

በጽሑፍ የሚያምር ቃል ፊት ለፊት ሲነገር ሊያቆስል ይችላል። ጎረቤት አዲስ የገዛችውን ነጠላ አሳይታችሁ «እንዴት ነው?» ብትላችሁ፣ ጥለቱ ቢለቅም «መናኛ ነው» አይባልም። «ዓይኔ አልሞላም»፣ «ልቤ አልወደደውም» የሚሉ አነጋገሮች ያሉን ለዚህ ነው፤ ጉድለቱን ከዕቃው አንስተው ወደ ተመልካቹ ዓይንና ልብ ይወስዱታል። ለታላቅ ሰው ከሆነ «እርስዎ ከሚይዙት ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝ» ማለት ይበቃል፤ ክብራቸውን ከዕቃው በላይ አድርጋችሁ ታኖራላችሁ።

ስጦታ ይዞ የመጣ ሰው «ኧረ ትንሽ ነገር ናት፣ ዓይን የማትሞላ» ሊል ይችላል። ይህ የሰጪው ትሕትና ነው፤ ቃሉም የሰጪው ብቻ ነው። ተቀባይ ደግሞ አይለውም፣ ሲስቅም አይለውም። «ኧረ ምን በወጣዎ! እግዜር ይስጥልኝ» ይላል።

ልጅ ወይም ተማሪ ሥራውን ሲያሳያችሁ «መናኛ ሥራ» አትበሉት። አቻውን ከራሱ ሥራ ፈልጉለት። «ባለፈው ያመጣኸው ከዚህ ይሻል ነበር፤ እዚያ ላይ መግቢያህ አጭር ነበረ» ብትሉት፣ ያው ማነጻጸር ነው የሠራችሁት፤ ነገር ግን ልጁ የሚሄድበት አቅጣጫ አገኘ። ሰውን እራሱን «መናኛ ሰው» ማለት በአማርኛ አለ፤ ሲነገርም እንሰማዋለን። እኔ ግን በማርመው ጽሑፍ ውስጥ፣ ገጸ ባሕርይ በአፉ ካልተናገረው በቀር፣ አላሳልፈውም። ሰው ከየትኛው ሰው ጎን ቆሞ ነው የሚለካው?

ስምንተኛ፦ ከመላካችሁ በፊት ፈልጉት

ጽሑፋችሁን ጨርሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ካላችሁ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ «መናኛ» ብላችሁ ጻፉና አንድ በአንድ ቁሙበት። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር አረጋግጡ። ከምን ጋር እንደተነጻጸረ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ይታያል? መናኛ የተባለው ዕቃው ነው ወይስ ዋጋው፣ ጨርቁ ነው ወይስ ስፌቱ? ባለቤቱ ቢያነበው «ቤቴ የጭቃ ነው እንጂ…» ብሎ የሚመልስበት ነገር አለው? በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ካገኛችሁት አንዱን በማስረጃ ተኩት። ቀጥሎ «መናኞ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ስለ ገዳም ካልጻፋችሁ በስተቀር ምንም መገኘት የለበትም። ስለ እህል ገበያ ከሆነ የጻፋችሁት «ማኛ»ንም ፈልጉ፣ ከዚያም ሁለቱን ቃላት ከማስታወሻ ደብተራችሁ ጋር አስተያዩ፤ በዚያ ቀን በመዳፋችሁ ይዛችሁ እፍ ያላችሁት የትኛው እንደነበር።